ማሽን ከማስገባታችን በፊት የቱን ልኬት እንምረጥ? ለድሬና ለሐረር ሰው የጂኦፊዚክስ ዘዴዎች ንጽጽር

ባለፈው ድሬ ዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር፣ ዛፎቹ ሥር ሻይ ይዤ ተቀምጬ ነበር። አባቴን በዕድሜ የሚያክሉ አንድ የማውቃቸው ሰው ከሩቅ አይተውኝ መጡ። "አቦ! አንተን ስፈልግ ነው የከረምኩት" አሉና ሳይቀመጡ ከፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ የተጠቀለለ ወረቀት አወጡ። ጠረጴዛው ላይ ዘረጋነው። አንዱን ጫፍ በስኳር ዕቃው፣ ሌላውን በስልኬ ያዝነው። ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ። ያምራል። ጋሼ ጣታቸውን ቀዩ ላይ አኖሩ።

"እዚህ ነው። ቀዩ ማዕድን ነው ተብያለሁ። ማሽን ላስገባ ነው።"

"ጋሼ፣ የተለካው ምንድን ነው?"

"መሬቱ ነዋ!"

የቀለሙን ትርጉም የሚናገር ነገር በጉልህ አልተጻፈም። ከታች፣ በደቃቅ ፊደል፣ "ናኖቴስላ" የምትል ቃል ፈልጌ አገኘሁ። የማግኔቲክ ካርታ ነው ማለት ነው። ከፍለውበታል፣ ብዙ ከፍለውበታል። ከሐረር ወደ ባቢሌ መስመር ላለ ይዞታቸው ነው ያሠሩት። ግን ምን እንደገዙ የነገራቸው የለም። የቀዩን ነገር በኋላ እመለስበታለሁ።

ውሃ ለማስቆፈር፣ ድንጋይ ለማውጣት፣ ማዕድን ለመፈለግ የሚነሳ ሰው በአካባቢያችን ብዙ ነው። ነዳጅና ጋዝ ደግሞ ከኦጋዴን ወሬ ጋር ሁሌ ይነሳል። ሰዉ የሚጠይቀኝ ግን አንድ ጥያቄ ነው፦ "የቱ ማሽን ይሻላል?" ለዚህ መልስ የለኝም። መጠየቅ ያለበት ምን እንደምትፈልጉና የምትፈልጉት ነገር ከጎረቤቱ በምን እንደሚለይ ነው። ስለዚህ የመሣሪያ ስም አላነሳም። መጀመሪያ መመዘኛዎቹን፣ ከዚያ ዘዴዎቹን እናያለን።

መመዘኛዎቹ

የመጀመሪያውና ትልቁ መመዘኛ ልዩነት ነው። ጂኦፊዚክስ፣ ማለትም መሬቱን ሳይቆፍሩ ከላይ ሆኖ መለካት፣ ወርቅ አያይም፣ ነዳጅም ውሃም አያይም። የሚያየው ከዙሪያው የተለየ ነገር ነው፦ የከበደ ወይም የቀለለ፣ መግነጢስ ያለው፣ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ፣ ሞገድ የሚያፈጥን። የምትፈልጉት ነገር በአንዱ ካልተለየ የዓለም ውዱ መሣሪያ ቢመጣ ዝም ይላል።

ሁለተኛው ጥልቀትና መጠን ነው፣ ሁለቱ አብረው ይሄዳሉ። ጥልቅ ያለ ነገር እንዲታይ ትልቅ መሆን አለበት። ሁለት ሜትር ውፍረት ያለው የኳርትዝ ጅማት 200 ሜትር ሥር ካለ፣ ከላይ ሆኖ አየሁት የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ሻይ ጋብዛችሁ ሸኙት።

ሦስተኛው ረብሻ ነው። ቆርቆሮ፣ የሽቦ አጥር፣ የመብራት መስመር፣ የተቀበረ የውሃ ቧንቧ፣ የባቡር ሐዲድ። የመሬቱ ወጣ ገባነትም እዚህ ይገባል።

አራተኛው ወጪው ከየት እንደሚመጣ ማወቅ ነው። በብር አልጽፈውም፣ ዛሬ የጻፍኩት በሚቀጥለው ወር ውሸት ይሆናል። ዋጋውን የሚሠሩት ግን አይቀየሩም፦ ስንት ሰው፣ ስንት ቀን፣ ስንት መኪና፣ ስንት ኪሎ ሜትር ቁጥቋጦ መመንጠር፣ ከዚያ ቢሮ ውስጥ ስንት ሳምንት ትንተና።

የመጨረሻውን መመዘኛ ሰው ይረሳዋል። ውጤቱ ውሳኔያችሁን ይቀይራል ወይ? ልኬቱ ምንም አለ ምን እዚያው ቦታ የምትቆፍሩ ከሆነ ገንዘቡን ለመቆፈሪያው አውሉት።

ከሁሉ በፊት፦ በነጻ ወይም በትንሽ ዋጋ የሚገኘው

የኢትዮጵያ ጂኦሎጂካል ኢንስቲትዩት በ1:250,000 መጠን የተሠሩ የሥነ ምድር ካርታዎች አሉት። የላንድሳትና የሴንቲኔል የሳተላይት ምስሎች ለማንም በነጻ ይገኛሉ። እግር ደግሞ አለ። ከድሬ ወደ ደንገጎ የሚወጣው መንገድ ራሱ አንድ ትምህርት ቤት ነው፦ መንገዱ የቆረጣቸው ድንጋዮች፣ አሸዋ ድንጋዩ፣ የኖራ ድንጋዩ፣ ከላይ ባዛልቱ (ከእሳተ ገሞራ የወጣው ጥቁር ድንጋይ)፣ በሥንጥቅ ተሰብሮ ደረጃ በደረጃ ወደ ሜዳው የወረደው ሁሉ በዓይን ይታያል። የኖራ ድንጋዩን ለማወቅ መውጣት እንኳ አያስፈልግም። የድሬ ማንቆርቆሪያ ሥር ያለውን ነጭ ቅርፊት ፍቃችሁ ማየት ነው፣ የተራራው ድንጋይ በውሃው ሟሙቶ ቤታችሁ ገብቷል።

ይህን ሳይሠራ መሣሪያ ጭኖ የሚመጣ ባለሙያን እኔ አላምነውም።

ማግኔቲክ፦ ርካሹ፣ ፈጣኑ፣ በእኛ አገር ግን አሳሳቹ

አንድ ወይም ሁለት ሰው መሣሪያውን ተሸክሞ በመስመር ይሄዳል። ችካል አይተከልም፣ ገመድ አይዘረጋም። በአንድ ቀን ብዙ ኪሎ ሜትር ይሸፈናል። ዛሬ ድሮን ላይ እየተንጠለጠለም ይሠራል። ገደል ለበዛበት አገር ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። መግነጢሳዊ ማዕድን ያለባቸውን ድንጋዮች፣ ባዛልትን፣ የተደበቁ ስብራቶችን፣ የጥንቱ መሠረት ድንጋይ የት እንደሚጠልቅ ያሳያል። ወርቅን በቀጥታ አያሳይም፣ ወርቅ መግነጢስ የለውም። ወርቁን የያዘውን የድንጋይ መዋቅር ግን ሊጠቁም ይችላል።

አሁን የጋሼ ቀይ።

ድሬና ሐረር ያሉት በመግነጢሳዊው የምድር ወገብ አጠገብ ነው። አውሮፓና ካናዳ የመሬት መግነጢስ ወደ ታች ዘቅዝቆ ይገባል። እኛ ጋ አግድም ተኝቶ ከደቡብ ወደ ሰሜን ያልፋል፣ ጉልበቱም 36,000 ናኖቴስላ ገደማ ነው። በዚህ ምክንያት መግነጢስ ያለው ድንጋይ ልክ ከአናቱ ላይ ሲለካ ከፍ አይልም፣ ዝቅ ይላል። ከፍ የሚለው በሰሜንና በደቡብ ጎኑ ነው። በሌላ አነጋገር ካልተስተካከለ ካርታችን ላይ ድንጋዩ ያለው ሰማያዊው ሥር ነው። ቀዩ ጠርዙ ነው። የጋሼ ማሽን ሊቆም የነበረው ከነገርየው ጎን ነበር!

ይህ ብቻ አይደለም። ከሰሜን ወደ ደቡብ የተዘረጋ ረጅም ድንጋይ እኛ ጋ ከጫፎቹ በቀር ሊጠፋ ይችላል፣ መግነጢሱ በርዝመቱ ነውና የሚያልፈው። ስለዚህ "ምንም አልታየም" ማለት "ምንም የለም" ማለት አይደለም። ካርታውን በኮምፒውተር ዋልታ ላይ እንደተለካ አድርጎ የማስተካከል ዘዴ አለ፣ ግን ወገቡ አጠገብ ዘዴው ራሱ ይንገዳገዳል። በጥንቃቄ ያልሠራ ሰው የሌሉ ጭረቶችን ከሰሜን ወደ ደቡብ ያሰምርላችኋል።

ደግሞ የሰዓቱ ጉዳይ አለ። ከላያችን 100 ኪሎ ሜትር ከፍ ብሎ፣ ይህንኑ ወገብ ተከትሎ፣ ቀን ቀን ኃይለኛ የኤሌክትሪክ ጅረት ይፈሳል። 6 ሰዓት ሲቃረብ ይበረታል። በዚህ የተነሳ አንድ ቦታ ላይ የቆመ መሣሪያ በአንድ ቀን ውስጥ እስከ 100 ናኖቴስላና ከዚያም በላይ ይወጣል ይወርዳል። እናንተ የምትፈልጉት ምልክት ደግሞ 50 ሊሆን ይችላል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ አንድ መሣሪያ ሳይንቀሳቀስ ቆሞ ቀኑን ሙሉ ይመዘግባል፣ የሌላው ንባብ በእሱ ይታረማል። ይህ ቋሚ ጣቢያ ከሌለ ልኬቱ የለም። እኔ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ተነስቼ እስከ 4 ሰዓት ዋናውን እጨርሳለሁ። ከዚያ በኋላ ፀሐዩም አያሠራም፣ ድሬ ላይ ከቀትር በኋላ ሠራተኛ ማግኘትም ራሱን የቻለ አሰሳ ነው።

አንዴ ራሴ የሠራሁትን ጥፋት ልንገራችሁ። አንድ ልጅ ቀበቶው ላይ ትልቅ የብረት ዘለበት አድርጎ መሣሪያውን ተሸክሟል። ግማሽ ቀን የለካነውን ሁሉ የጣልነው በዚያ ዘለበት ነው። ሳይወጣ ማየት የነበረብኝ እኔ ነበርኩ።

ግራቪቲ፦ ለትልቅ ነገር፣ ለታጋሽ ሰው

የስበት ልኬት ከባድና ቀላል ድንጋይ ይለያል። ባዛልት ከኖራ ድንጋይ ይከብዳል፣ የኖራ ድንጋይ ከደለል ይከብዳል። ደለል የሞላው ጥልቅ ገንዳ የት እንዳለ፣ ውፍረቱ የት እንደሚጨምር ለማወቅ ግሩም ነው። ነዳጅ ፈላጊዎች አዲስ አገር ሲገቡ ከማግኔቲክ ጋር መጀመሪያ የሚይዙት እሱን ነው።

ችግሩ ከፍታ ነው። የመለኪያው ነጥብ ከፍታ በአንድ ሜትር ብትሳሳት ንባብህ በ0.2 ሚሊጋል (የስበት መለኪያ አሃድ ነው) ገደማ ይሳሳታል። ትንሽ የማዕድን ክምችት የሚሰጠው ምልክት ራሱ ከዚያ ላይበልጥ ይችላል። ስለዚህ የስልክ ጂፒኤስ አይሠራም፣ በሴንቲሜትር የሚለካ ያስፈልጋል። ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ሐረር ወደ 1,900። ያ ዳገት አጠገብ ስትለካ ተራራው ራሱ መሣሪያውን ወደ ላይ ይስባል፣ ሸለቆውም ይጎድልበታል። ይህን የመሬት ቅርጽ እርማት በሪፖርቱ ውስጥ ካላያችሁ ጠይቁ። ለትንሽ ይዞታ እምብዛም አልመክረውም።

ሬዚስቲቪቲ፦ የውሃ ፈላጊው ባልንጀራ

ይህን ብዙዎቻችሁ አይታችሁታል። አራት የብረት ችካል፣ ረጅም ገመድ፣ መሃል ላይ ጃንጥላ ሥር የተቀመጠ ሰው፣ "ቀጥል!" እያለ የሚጮህ። በሁለቱ ውጫዊ ችካሎች ኤሌክትሪክ ይላካል፣ በሁለቱ ውስጣዊ ቮልቴጅ ይለካል። ገመዱ በረዘመ ቁጥር ጥልቅ ይታያል። ሐሳቡን ሜዳ ያወጣው ፈረንሳዊው ኮንራድ ሽሉምበርዤ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1912። ዛሬም ባለሙያው "ቬስ" የሚለው ልኬት አዘረጋጉ የእሱን ስም ይዟል።

የሚለካው መሬቱ ኤሌክትሪክን ምን ያህል እንደሚቋቋም ነው፣ በኦም-ሜትር። ሸክላ አፈር ብዙ ጊዜ ከጥቂት እስከ ጥቂት አሥሮች ነው። ንጹሕ ውሃ የያዘ አሸዋና ጠጠር ከአሥሮች እስከ መቶ ገደማ። ያልተሰነጠቀ የኖራ ድንጋይ በመቶዎችና በሺዎች፣ ደረቅ ግራናይት በብዙ ሺዎች። ጨዋማ ውሃ ወደ 1 ይወርዳል። እዚህ ላይ ወጥመዱ ይታያችኋል፦ ዝቅ ያለ ቁጥር ሁሉ ውሃ አይደለም። ሸክላም ይሆናል፣ ጨዋማም ይሆናል። "ዝቅ ብሏል፣ ቆፍር" ብቻ የሚል ሰው ግማሹን ሥራ አልሠራም። ልኬቱን አጠገብ ካለ፣ የድንጋይ ንብርብሩ ከታወቀ ጉድጓድ ጋር ማመሳከር አለበት።

ጥልቀት ላይም ይዋሻል። እስከ 200 ሜትር ለማየት ገመዱ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል መዘርጋት አለበት። ሁለት መቶ ሜትር ገመድ ዘርግቶ የሁለት መቶ ሜትር ጥልቀት ሪፖርት የሚሰጥ አጋጥሞኛል። ጋራው ሥር፣ ሸንተረርና ግራር በበዛበት ያን ገመድ ቀጥ አድርጎ መዘርጋት ራሱ ትግል ነው።

የእኛ ልዩ ችግር ድርቀት ነው። በበጋ የአሸዋ ወንዝ ውስጥ ችካል ብትተክሉ ኤሌክትሪኩ ወደ መሬት አይገባም። ጨው የተበጠበጠበት ውሃ በጄሪካን ይዘን ችካሉ ሥር እናፈሳለን፣ ትንሽ እንጠብቃለን፣ እንደገና እንለካለን። የቡድኑ ታናሽ ቀኑን ሙሉ ሥራው ይህ ነው። ጨው ያልያዘ ቡድን ሲመጣ ካያችሁ ጠርጥሩ።

ሬዚስቲቪቲ ሁለት መልክ አለው። ቬስ በአንድ ነጥብ ሥር ወደ ታች ያነባል፣ ንብርብሩ ጠፍጣፋ ሲሆን ጥሩ ነው። ሌላው በአሥሮች የሚቆጠሩ ችካሎች በአንዴ ተተክለው የመሬቱን ቁራጭ እንደ ዳቦ ግማሽ የሚያሳየው ነው። ዋጋው ይወደዳል። ግን የድሬ ዙሪያ ኖራ ድንጋይ ስንጥቅና ዋሻ ያለበት ነው፣ ውሃው የሚሄደው በስንጥቁ ነው። እዚያ አንድ የቬስ ነጥብ ስንጥቁን በአሥር ሜትር ሊስተው ይችላል። ለኖራ ድንጋይ ውሃ የምፈልግ ብሆን ሁለተኛውን እመርጣለሁ፣ በደለል ሜዳ ላይ ግን ቬስ ይበቃኛል።

ለብረታ ብረት ማዕድን የሬዚስቲቪቲ ወንድም አለ፣ አይፒ ይሉታል። ኤሌክትሪኩ ሲቋረጥ ቮልቴጁ ወዲያው ዜሮ ይሆናል ወይስ ቀስ እያለ ይሞታል? በድንጋዩ ውስጥ የተበተኑ ሰልፋይድ (ብረታ ብረትና ድኝ የተዋሐዱባቸው) ማዕድናት እንደ ትንንሽ ባትሪ ቻርጅ ይይዛሉ። መዳብ፣ ከሰልፋይድ ጋር ያለ ወርቅ ሲፈለግ ከሁሉ የሚቀርበው ይህ ነው። ግራፋይትና ሸክላም እንዲሁ ያደርጋሉ፣ ስለዚህ ብዙ ጊዜ የሐሰት ደስታ ይሰጣል።

ኤሌክትሮማግኔቲክ

ችካል አይፈልግም። ሽቦ በአራት ማዕዘን መሬት ላይ ይዘረጋል፣ ጅረቱ በድንገት ይቋረጣል፣ መሬቱ የሚመልሰው ይሰማል። ለደረቅ መሬታችን ይህ ትልቅ ብልጫ ነው፣ ጨውና ጄሪካን ቀረ ማለት ነው። ለጥልቅ ውሃና በደንብ ኤሌክትሪክ ለሚያስተላልፍ ማዕድን ይሆናል። የመብራት መስመርና አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር አጠገብ ግን መከራ ነው። ኪሎ ሜትሮችን የሚያየው ማግኔቶቴሉሪክ የሚባለው ዘመዱ በስምጥ ሸለቆ ለእንፋሎት ኃይል ፍለጋ ይሠራበታል፣ ለግለሰብ ኪስ አይደለም።

የጨረር ልኬት የሚባልም አለ። ፖታሲየም፣ ዩራኒየምና ቶሪየም ይለያል። የሚያየው ግን የላይኛውን ግማሽ ሜትር እንኳ በቅጡ አይሞላም። ለካርታ ማገዣ ጥሩ ነው፣ ከዚያ አያልፍም።

ሳይዝሚክ፦ የነዳጁ ንጉሥ

በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌ በኩል መሬት ሲንቀጠቀጥ ሞገዱ ከሩቅ የተሰማው ብዙ ሰው ነው። ሳይዝሚክ ያንኑ ነው፣ ልዩነቱ መንቀጥቀጡን እኛ በልክ መሥራታችን ነው። በፈንጂ፣ ወይም መሬቱን በሚያንቀጠቅጡ ከባድ መኪኖች ሞገድ ይላካል። ከየንብርብሩ ነጥሮ ሲመለስ ጂኦፎን በሚባሉ ትንንሽ ጆሮዎች ይቀዳል። ኪሎ ሜትሮች ጥልቀት ያለውን ንብርብር በአሥር ሜትሮች ልዩነት ለይቶ የሚያሳይ ሌላ ዘዴ የለም።

ለኦጋዴን የግድ የሚሆነውም ለዚህ ነው። ካሉብ የተባለው የኦጋዴን የጋዝ መስክ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በአሜሪካው ኩባንያ ቴኔኮ ሲገኝ ጋዙ ያለው በኪሎ ሜትሮች ጠልቆ ነው። ያን ጥልቀት ገመድ ዘርግተህ አታየውም። እዚያ ያሉት ወፍራም የደለል ንብርብሮች ለሳይዝሚክ ይመቻሉ። ባለ ሁለት ገጽታው በመስመር የተቆረጠ ምስል ይሰጣል፣ ባለ ሦስት ገጽታው ሙሉ ጡብ። ሁለተኛው እጅግ ውድ ስለሆነ የሚመጣው የመጀመሪያው ተስፋ ካሳየ በኋላ ነው። አሁን አሁን ብልጥ ኩባንያዎች የሚያደርጉት ሌላ ነገር አለ፦ የዛሬ አርባና ሃምሳ ዓመት የተቀዳውን ቴፕ አውጥቶ በዛሬ ኮምፒውተር እንደገና መተንተን። አዲስ ከመቅዳት በብዙ ይረክሳል፣ አንዳንዴም ድሮ ያልታየው ይወጣል።

ሁለት ነገር ግን ልብ በሉ። ሳይዝሚክ ነዳጅ አያሳይም። ነዳጅ ሊጠራቀምበት የሚችል ቅርጽ ያሳያል፣ ጋዝ ሲሆን አንዳንዴ ፍንጭ ይሰጣል። መኖሩን የሚናገረው መሰርሰሪያው ብቻ ነው። ደግሞ ባዛልት ጠላቱ ነው። ከላይ ወፍራም ባዛልት ካለ ሞገዱ ተበትኖ ይቀራል፣ ከሥሩ ያለው ደለል ይደበዝዛል። ስለዚህ ኦጋዴን ላይ የሠራው ሁሉ እኛ ዳገት ላይ ይሠራል ማለት አይደለም።

ትንሹ ሳይዝሚክ ደግሞ ይረሳል። ትልቅ መዶሻ፣ የብረት ሳህን፣ 24 ጂኦፎን። አንድ ጎረምሳ ሳህኑን ደጋግሞ ይመታል፣ ድንጋዩ ከስንት ሜትር አፈር ሥር እንዳለ ይታወቃል፣ እስከ 20 እና 30 ሜትር። ለካባ ድንጋይና ለሕንፃ መሠረት ከዚህ የተሻለ ለገንዘቡ የሚሆን አላውቅም።

ስለ "ወርቅ ጠቋሚው"

በእጅ የሚያዝ፣ አንቴና ያለው፣ ማዕድኑን ከመቶ ሜትሮች ርቀት ላይ "ይጠቁማል" የሚባል ዕቃ ይሸጣል። አንቴናው የሚዞረው በያዘው ሰው እጅ ነው። ከተቀበረ ብረት ላይ ሲያልፍ የሚጮኸው የብረት መፈለጊያ ሌላ ነው፣ እሱ እውነተኛ ነው፣ የሚያየው ግን ከክንድ ብዙም አያልፍም።

በአንድ እይታ

| ዘዴ | የሚለካው | ይበልጥ የሚሆነው | ጥልቀት | እዚህ የሚያስቸግረው | ወጪ |
|---|---|---|---|---|---|
| ማግኔቲክ | መግነጢስ | የብረት ማዕድን፣ ስብራት፣ የመሠረት ድንጋይ | ከቅርብ እስከ ኪሎ ሜትሮች | የምድር ወገብ፣ ባዛልት፣ ቆርቆሮ | ዝቅተኛ |
| ግራቪቲ | ክብደት | የደለል ገንዳ፣ ትልቅ ክምችት | ከመቶዎች ሜትር እስከ ኪሎ ሜትሮች | ዳገትና ከፍታ | መካከለኛ |
| ቬስ | ኤሌክትሪክ መቋቋም | ውሃ በደለል ሜዳ | እስከ ጥቂት መቶ ሜትር | ድርቀት፣ ቧንቧ | ዝቅተኛ |
| ባለ ብዙ ችካል ሬዚስቲቪቲ | ኤሌክትሪክ መቋቋም | ስንጥቅ፣ ዋሻ፣ ኖራ ድንጋይ | እስከ 100 ሜትር ገደማ | ድርቀት፣ ወጣ ገባ | መካከለኛ |
| አይፒ | ቻርጅ መያዝ | መዳብ፣ ሰልፋይድ ያለው ወርቅ | እስከ ጥቂት መቶ ሜትር | ግራፋይት፣ ሸክላ | ከመካከለኛ በላይ |
| ኤሌክትሮማግኔቲክ | ኤሌክትሪክ ማስተላለፍ | ጥልቅ ውሃ፣ አስተላላፊ ማዕድን | መቶዎች ሜትር | የመብራት መስመር | መካከለኛ |
| ትንሹ ሳይዝሚክ | የሞገድ ፍጥነት | ካባ፣ መሠረት | 20–30 ሜትር | የመኪና ንዝረት | ዝቅተኛ |
| ትልቁ ሳይዝሚክ | የሞገድ ነጸብራቅ | ነዳጅና ጋዝ | ኪሎ ሜትሮች | ባዛልት፣ ገደል | እጅግ ከፍተኛ |

ለማን የቱ?

ለእርሻ ወይም ለግቢ ውሃ የምትፈልጉ፦ ጎረቤት ያሉ ጉድጓዶችን ጥልቀትና የውሃ ጥራት ጠይቁ፣ ይህ ከየትኛውም መሣሪያ ይቀድማል። ሜዳው ላይ ከሆናችሁ ሦስት አራት ቬስ ይበቃል። ኖራ ድንጋይ ላይ ከሆናችሁ ባለ ብዙ ችካሉን፣ ስንጥቁን በሚያቋርጥ መስመር። ሐረር በኩል ግራናይት ላይ ያላችሁ ደግሞ ብዙ አትጠብቁ፣ ውሃው ያለው በተሰባበረው የላይኛው ክፍልና በስንጥቅ ነው። የሐረማያ ሐይቅ ሲደርቅ ሐረር ውሃዋን ከታች ከድሬ በኩል ካሉ ጉድጓዶች ዳገቱን አስወጥታ ማምጣቷ ብዙ ይናገራል። ውሃው ደለልና ኖራ ድንጋዩ ያለበት ነው።

የካባና የሲሚንቶ ድንጋይ ለምትፈልጉ ጂኦፊዚክስ ዋና ወጪያችሁ አይሁን። የኖራ ድንጋዩ ይታያል። የሚወስነው ኬሚስትሪው ነው፣ በተለይ ማግኒዥየሙ ከበዛ ለሲሚንቶ አይሆንም። ገንዘቡን ለናሙናና ለላቦራቶሪ አውሉት፣ የአፈሩን ውፍረት በመዶሻው ሳይዝሚክ እዩ።

በመሠረት ድንጋዩ ላይ ብረታ ብረት ወይም ወርቅ የምትፈልጉ፣ እንደ ጋሼ፦ መጀመሪያ የጅረት አሸዋ ናሙና። ከዚያ ማግኔቲክ በሙሉ ይዞታው። ከዚያ ሁለቱ በተገናኙበት ቦታ ብቻ ጥቂት የአይፒ መስመር። ከዚያ ቁፋሮ። በጀት ካነሰ አይፒውን አሳጥሩ እንጂ ናሙናውን አትዝለሉ። ብዙ ሰው የሚገለብጠው ይህንን ቅደም ተከተል ነው።

ነዳጅ የግለሰብ ሥራ አይደለም፣ በፈቃድና በመንግሥት ውል የሚሄድ ነው። "አክሲዮን ግዛ፣ በሳይዝሚክ ታይቷል" የሚል ሰው ከመጣ መስመሩን አሳየኝ በሉት፣ ጥልቀቱንና የተቆፈረ ጉድጓድ እንዳለበት ጠይቁት።

ውል ስትፈርሙ ደግሞ ባለቀለሙን ካርታ ብቻ ሳይሆን ጥሬ ንባቡን፣ የየነጥቡን ቦታና ከፍታ፣ የማግኔቲክ ከሆነ የቋሚ ጣቢያውን መዝገብ እንዲያስረክቡ ጻፉ። የመጨረሻውን ክፍያ ይህ እጃችሁ ሲገባ ብቻ ክፈሉ። ቀለም በኮምፒውተር በአንድ ደቂቃ ይቀየራል፣ ጥሬ ንባብ ግን ሌላ ባለሙያ ዳግም ሊያየው ይችላል።

ጋሼ ጥሬ ንባቡን ሲጠይቁ ቋሚ ጣቢያ እንዳልነበረ ታወቀ። ማክሰኞ ንጋት ላይ ይዞታቸው ደረስን። ሁለት መስመር ብቻ፣ አንዱ በቀዩ፣ አንዱ በሰማያዊው፣ ቋሚውን መሣሪያ ከበለስ ቁጥቋጦ ሥር አቁመን። ቀዩ ያረፈው ራቁቱን ያለ ነጣ ያለ ግራናይት ላይ ነው። ሰማያዊው መቶ እርምጃ ያህል ወደ ደቡብ፣ ጥቁር ከባድ ድንጋይ ላይ። ከኪሴ ትንሿን ማግኔት አውጥቼ አስጠጋሁ፣ ጥብቅ አለች። ጋሼ ማግኔቷን ነጥቀው ራሳቸው ሞከሩ፣ እንደገና ሞከሩ።

"ታዲያ ብረት ነው?"

"መግነጢስ ያለው ድንጋይ ነው ጋሼ። ገና ምን እንደሆነ አናውቅም።"

ስድስት ቁራጭ ሰብረን፣ ቁጥር ጽፈን፣ በከረጢት አደረግን። ናሙናዎቹ አዲስ አበባ ላቦራቶሪ ናቸው። ማሽኑ እስካሁን ድሬ ቆሟል፣ ባለቤቱም በየቀኑ ይደውላል።